ሕመሜን ለአሰልጣኜ ልንገረው ወይስ ልደብቀው?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 23 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ሲሆን፣ አሁን ሰንዳፋ ከሁለት ሯጭ ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ዘንድሮ በግማሽ ማራቶን ጥሩ ሰዓት ስላስመዘገብኩ ማናጀሬ በመስከረም በሚደረገው የበርሊን ማራቶን ላይ ቦታ አገኘልኝ። የመጀመሪያ ማራቶኔ ነው፤ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ቀኝ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። በመጀመሪያ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኝ ነበር፤ አሁን ሮጬ ከጨረስኩ በኋላም አይለቀኝም፤ አንዳንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ለአሰልጣኜ አልነገርኩትም፤ ቦታዬ ለሌላ ልጅ ይሰጥብኛል ብዬ ፈራሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አንድ መርፌ ብወጋ ሕመሙ እንደሚጠፋ ትነግረኛለች። ሌሎቹ ደግሞ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በወሩ ቶኪዮ ላይ አሸንፎ የለም ወይ ይሉኛል። አሁን ፍልሰታን እየጾምኩ ነው። ለጫማና ለቤት ኪራይ የተበደርኩት ገንዘብም አለብኝ። የቪዛ ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እስከ መነሻው መስመር እንዴት ልድረስ?»

ሯጯ፣ ከሰንዳፋ

መልስ፦

ልጄ፣ ለአሰልጣኝሽ ዛሬ ማታ ንገሪው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ምክንያቱን ካላመንሽበት ግን ስልኩን እንደማታነሺ ስለማውቅ በዝርዝር ላስረዳሽ።

ከሯጮች ጋር ለረጅም ጊዜ የሠራሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሕመሙን የደበቀ ሯጭ አንደበቱ ከመናገሩ በፊት አወራረዱ ይነግረኛል። ከልምምድ የሚመልሳቸው መኪና ሲቆም ቆሜ አያቸዋለሁ። ጤነኛው ከደረጃው ዘሎ ይወርዳል። የታመመው በሩን ይይዝና ደኅናውን እግር ያስቀድማል፤ መሬት ከረገጠ በኋላ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ ይልና ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ቀና ሲል ፊቱን አስተካክሎ ነው። አሰልጣኞች ይህን የማያዩ ይመስላችኋል። አብዛኞቹ አይተውታል፤ እናንተ እስክትናገሩ ይጠብቃሉ፤ ከእናንተ አፍ ካልሰሙ ፕሮግራሙን ለመቀየር ይቸገራሉ።

አሁን ወደ እግርሽ ልምጣ። ሯጭን ቅልጥሙ ላይ የሚያመው ሕመም በአብዛኛው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በአጥንቱ የውስጥ ጠርዝ በኩል ከመዳፍ ስፋት በላይ ተዘርግቶ የሚሰማ፣ ሲነሱ የሚያም፣ ሰውነት ሲሞቅ የሚለቅ ነው። ይህ ጡንቻው ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ የአጥንቱ ሽፋን ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ነው፤ አስቸጋሪ ቢሆንም በጊዜ ከተያዘ ብዙ አያቆምም። ሁለተኛው በአንዲት ነጥብ ላይ የሚሰበሰብ ነው። ቁጭ በይና ከጉልበትሽ ሥር ጀምረሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ድረስ ቅልጥምሽን በጣትሽ ጫፍ ቀስ እያልሽ ተጫኚው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሺ ትንፋሽሽን የሚያስይዝ ሕመም ከተሰማሽ፣ ከዚያ ዝቅና ከፍ ስትዪ ደግሞ ሕመሙ ከጠፋ፣ አጥንቱ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ሲሞቅሽ ይለቅሽ የነበረው አሁን እየሮጥሽም ከሮጥሽም በኋላ መቆየቱና ሌሊት መቀስቀሱ ሥጋቴን ከፍ አድርጎታል። ይህን የምነግርሽ ራስሽን እንድትመረምሪ አይደለም፤ ለሐኪም ስትናገሪ ምን ብለሽ እንደምትናገሪ እንድታውቂ ነው። አጥንቱን ልፈትሽ ብለሽ ግን በአንድ እግር እየዘለልሽ አትሞክሪ።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ሲጫኑት ራሱን ያድሳል። ሲያድስ ግን መጀመሪያ ያረጀውን ክፍል ያነሣል፣ አዲሱን የሚተካው ቀስ ብሎ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ አጥንቱ ከወትሮው ደካማ ይሆናል። ከግማሽ ማራቶን ወደ ማራቶን ዝግጅት ስትሻገሪ የሳምንቱ ኪሎ ሜትር በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ረጅሙ ሩጫ በሰንዳፋ አስፋልት ላይ ይሆናል፤ ክረምቱ ሜዳውንና ጫካውን በጭቃ ስለሚይዘው ለወትሮው በሣር ላይ ይሠራ የነበረው ልምምድም ወደ አስፋልት ይመጣል። ጭነቱ ሲጨምር እረፍቱ ሲቀንስ አጥንቱ ለመጠገን ፋታ ያጣል፤ ጥቃቅን ስንጥቅ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ አንድ ነገር ያዢ። ይህ ዓይነቱ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም። «ራጅ ተነሣሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ» ብለው በማግስቱ ኮሮኮንች ላይ የወጡ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። ስንጥቁን ገና ከጅምሩ አጥርቶ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ላንቺ ከባድ ነው። ማናጀርሽን ወጪውን እንዲሸፍን ወይም ከሽልማት ገንዘብሽ ላይ እንዲቆርጥ በግልጽ ጠይቂው። ይህ ልመና አይደለም፤ ካንቺ ሩጫ ድርሻ የሚወስድ ሰው ስለ እግርሽ የማወቅ ግዴታም ጥቅምም አለው።

ውጤቱ ከሁለት አንዱ ነው። አጥንቱ ደኅና ሆኖ የተቆጣው ሽፋኑ ብቻ ከሆነ ሰባት ሳምንት በቂ ነው። አንድ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ሩጫ ታቆሚያለሽ፤ በብስክሌት ወይም በውኃ ውስጥ ልብሽንና ሳንባሽን ታሠሪያለሽ፤ ከዚያ በሱሉልታ ሜዳ ወይም በእንጦጦ ጫካ ጭቃው ደረቅ ባለበት ቀን ለስላሳ መሬት ላይ ትመለሻለሽ። ለወራት የገነባሽው አቅም በአሥር ቀን አይፈርስም። ይህን ከልብሽ እመኚ፤ ሯጭ ከሚፈራው ነገር ሁሉ እንደዚህ መሠረት የሌለው ፍርሃት አላየሁም።

አጥንቱ ከተሰነጠቀ ግን በርሊን ዘንድሮ የለም። ይህን ለስላሳ አድርጌ የምነግርሽበት መንገድ አጥቻለሁ። የቅልጥም ስንጥቅ በተለመደው ቦታ ሲሆን እንኳ ወደ ሩጫ ለመመለስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ገና ልምምድ ይጀመራል። በቅልጥሙ ፊት ለፊት ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ደብቀሽ ብትሮጪበት ስንጥቁ ሙሉ ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የምታጪው አንድ ውድድር ብቻ አይሆንም፣ ዓመትሽ ነው። በጊዜ ካረፍሽለት ግን በየካቲት የሴቪያ ማራቶን አለ፤ በሚያዝያ አካባቢ ፓሪስ፣ ሮተርዳምና ሐምቡርግ አሉ።

ስለ አበበ ቢቂላ የሚነግሩሽ ታሪክ እውነት ነው፤ የሚያስተምረው ግን እነሱ ከሚሉት ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ማራቶን ከሚሮጥበት ቀን ከአንድ ወር ትንሽ ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀት ታመመ። ሕመሙን ደብቆ ሆዱን ይዞ አልሮጠም፤ ሆስፒታል ገብቶ ተቀደደ፣ ታከመ፣ ዳነ። ከዚያ በኋላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሮም ላይ ከገባበት ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሽሎ። የተቀደደ ሆድ ከተሰፋና ከጠገገ በኋላ ሩጫው ራሱ ቁስሉን መልሶ አይከፍተውም። የተሰነጠቀ ቅልጥምን ግን እያንዳንዱ እርምጃ ይመታዋል፤ 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ። አበበን ምሳሌ የምታደርጊ ከሆነ ከሕክምናው ጀምሪ።

ቦታሽ ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ይችላል። አዎ፣ ይችላል፤ ይህን አልክድሽም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የሆነውን አስታውሺ። ሲሳይ ለማ በዚያው ዓመት የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈ፣ በቡድኑ ውስጥ ቦታው የተረጋገጠ ሯጭ ነበር። ጉዳት ሲገጥመው ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ይዞ ተመለሰ። ሲሳይን በዚህ ምክንያት ያሳነሰው ሰው አላውቅም፤ ክብሩ ጨመረ እንጂ። የኦሊምፒክ ቦታ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው፤ በርሊን ግን በየዓመቱ አለ።

ከማናጀርሽም በኩል ነገሩን እዪው። አዘጋጆች ከሰባት ሳምንት በፊት «ሯጯ ተጎድታለች» የሚል መልእክት ሲደርሳቸው ሌላ ሰው ይተካሉ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ይህ በየውድድሩ የሚያጋጥም ተራ ነገር ነው። ሯጭ መነሻው ላይ ቆማ 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እያነከሰች ስትወጣ ግን ለሚቀጥለው ግብዣ ስሟን ይዞ የሚከራከርላት ማናጀር ይከብደዋል። በመናገርሽ የምታጪው ዘንድሮን ነው፤ ባለመናገርሽ የምታጪው ከዚያ ይበልጣል።

መርፌውን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ፤ አትወጊ። ጓደኛሽ ክፋት አስባ አይደለም፣ የምታውቀውን ነው የነገረችሽ። ለሕመምና ለእብጠት የሚሰጡ የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌዎች በየትኛውም የሰውነት ክፍል ቢወጉ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከተወጉ በኋላ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያሉ። ትራማዶል የሚባለውም ማስታገሻ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በውድድር ጊዜ ታግዷል። በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ በሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ «የመድኃኒት ቤቱ ሰው ሰጠኝ» ማለት አያድንሽም። ሐኪም ያዘዘልሽንም ቢሆን ከመውሰድሽ በፊት ስሙን ጽፈሽ ለቡድኑ ሐኪም ወይም ለኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን አሳዪ። ሕጉ ባይኖር እንኳ መልሴ አይቀየርም ነበር። ሕመሙ እግርሽን እየጠበቀልሽ ነው፤ ዝም ስታሰኚው አጥንቱ ሲሰበር የሚነግርሽ አይኖርም።

አሁን ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር እኔ ልጠይቅሽ። የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?

አትደንግጪ፣ አታፍሪ። ቅልጥሟን ይዛ ወደ እኔ የምትመጣ ሴት ሯጭን ሁሉ ከእግሯ በፊት የምጠይቃት ይህን ነው። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፍተው «ከቀረ ቆይቷል» ይሉኛል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ መቅረቱን የብቃት ምልክት አድርገው ሲናገሩ እሰማለሁ። በሯጮች መኖሪያ ውስጥ ከሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች ይህን ያህል የሚያስቆጣኝ የለም። ሰውነት ከሚበላው በላይ ሲያወጣ ለሩጫው ይተርፍ ዘንድ ሌላውን ሥራ ይቀንሳል። መጀመሪያ ከሚዘጋቸው አንዱ የወር አበባን የሚያመጣው ሆርሞን ነው፤ ይኸው ሆርሞን ደግሞ የአጥንት ጠባቂ ነው። የወር አበባ ለወራት ሲቀር አጥንት ይሳሳል፣ ስንጥቁም ይደጋገማል። ባንቺ ዕድሜ አጥንት ገና እየተገነባ ነው፤ አሁን ያላጠራቀምሽውን በአርባ ዓመትሽ ከየትም አታመጪውም። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ቀርቶብሽ ከሆነ እግርሽ ቢያምም ባያምም ሐኪም ማየት አለብሽ። ለአሰልጣኝሽ መናገር ከከበደሽ ሴት ሐኪም ፈልጊና ለእሷ ንገሪ፤ እሷ ለአሰልጣኙ ማወቅ ያለበትን ያህል ትነግረዋለች።

ስለ ጾሙም የማነሣው ለዚህ ነው። ፍልሰታን ተዪው ልልሽ ሥልጣኑም ፍላጎቱም የለኝም። ነገሩን ግን በሰዓት አስቢው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ልምምድ ትወጫለሽ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሮጠሽ 3 ሰዓት አካባቢ ትመለሻለሽ፤ ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምሺም። ሰውነት የተጎዳውን መጠገን የሚጀምረው ልምምድ እንዳበቃ ነው፤ አንቺ ደግሞ በዚያ ሰዓት ባዶ ሆድሽን ተኝተሻል። ለንስሐ አባትሽ እግሬን ታምሜአለሁ፣ በሐኪም እየታየሁ ነው ብለሽ ያለውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው እንደ አቅሙ እንዲጾም የምታስተናግድበት ሥርዓት አላት፤ ውሳኔው የእሳቸውና ያንቺ ነው። ሰዓቱ ከተፈቀደልሽ የጾሙ ምግብ ራሱ ለሯጭ ችግር የለውም። ከልምምድ እንደተመለስሽ በሶ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ሙዝ ጨምሪበት። ምሳሽ ላይ ሽሮ ወይም ምስር በዛ አድርገሽ በእንጀራ ብዪ። ለውዝ፣ ሱፍ፣ ተልባና አቮካዶ በቀን ውስጥ አይጥፉ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ከተጠጡ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያግዳሉ፤ ከበላሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብታደርጊው ይሻላል፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን ይረዳል። ደምሽ ሲመረመር በሰውነትሽ የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየውን፣ ፌሪቲን የሚባለውንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በእንዲህ ያለ ከፍታ የሚሠራ ሰውነት ብረት አብዝቶ ይፈልጋል። ሳትመረመሪ ግን የብረት ክኒን አትጀምሪ።

ስለ ዕዳው ያልሽው ልቤን ነክቶታል። ያበደረሽን ሰው ዛሬውኑ አግኝተሽ ነገሩን ከነምክንያቱ አስረጂው፤ ቀኑ ሳይደርስ ሲነገረው የሚታገሥ አበዳሪ ብዙ ነው፣ ቀኑ አልፎ ሲፈልግሽ ግን አይታገሥም። ዕዳውን የምትከፍይው በሁለት እግርሽ ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጉሻል።

እንግዲህ የአጥንትሽ ምስል ደኅና ነው ተብሎ ልምምድሽን ቀጠልሽ እንበል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምን መምሰል እንዳለባቸው አሰልጣኝሽ ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ እኔ የምጨምረው ልጆች በዚያ ሰዓት ሲጎዱ ካየሁት ነው። እንቁጣጣሽ የሚውለው ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ከዚያ ጀምሮ የሳምንቱ ኪሎ ሜትር ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ፈጣኑ ልምምድ በአጭሩ ይቀጥላል። ሰውነትሽ ሲያርፍ የሌለ ሕመም ይሰማሻል፣ እግርሽ የከበደ ይመስልሻል፣ ጓደኞችሽ ረጅም ሩጫ ሲወጡ ቤት መቅረት ያስለቅስሻል። በዚያን ሳምንት ልቤን ላረጋጋ ብለው ተደብቀው 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ አሉ። አንቺ አታድርጊው፤ በዚያን ሰዓት የሚጨመር ልምምድ ለበርሊን አይደርስልሽም፣ ድካሙ ብቻ ይደርስልሻል። ለበዓሉ ደብረ ብርሃን ያሉትን ቤተሰቦችሽን መጠየቅ ከፈለግሽ ሂጂ፤ ግን በማግስቱ ተመልሰሽ ተኚ፣ ዶሮ ወጡንም በልክ።

የበርሊን ሰዓት በመስከረም ከእኛ የሚለየው በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ እንቅልፍሽ ብዙ አይዛባም። የዋናዎቹ ሯጮች መነሻ በእነሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው፤ በእኛ 4 ሰዓት ከሩብ መሆኑ ነው። አንቺ በ12 ሰዓት መሮጥ ነው የለመድሽው። ስለዚህ ከቀሩሽ ረጅም ሩጫዎች አንድ ሁለቱን በ4 ሰዓት ከሩብ ጀምሪያቸው፤ ከመነሻሽ ሦስት ሰዓት ቀደም ብለሽ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በዚያን ቀን የምትበይውን ቁርስ ብዪ። ሆድሽ የሚቀበለውንና የማይቀበለውን ሰንዳፋ ላይ እወቂ። የመጠጥ ጠርሙስሽ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥልሻል፤ ስምሽን ወይም ቁጥርሽን ለጥፈሽ ዋዜማውን ታስረክቢያለሽ። በሩጫ ፍጥነት ጠርሙስ ማንሣትና መጠጣት ልምድ ይጠይቃል። ጓደኛሽ መንገድ ዳር ቆማ ትያዝልሽና ሳትቆሚ መቀበልን ተለማመጂ። ጠርሙሱ ላይ ደማቅ ጨርቅ ወይም ክር ብታስሪበት ከሩቅ ትለዪዋለሽ።

የውድድር ጫማሽን በእጅ ሻንጣ ያዢው፤ ሻንጣ ይጠፋል፣ ጫማ ግን በዋዜማው ገበያ ገብተሽ የምትለውጪው ነገር አይደለም። ለጎዳና ውድድር የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ጫማው በዓለም አትሌቲክስ የጸደቀ መሆኑንም ማናጀርሽ ያረጋግጥልሽ። በሶሽን ቋጥረሽ ውሰጂ። ቋንጣና ቅቤ ግን ተዪ፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው። መነሻው ከብራንደንቡርግ በር ወዲያ፣ በጫካው መካከል በሚያልፈው ሰፊ ጎዳና ላይ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሮጥበታል። ከፊት ለፊት የምትቆሙት ጥቂቶች ናችሁ፤ ከኋላችሁ ያለው ሕዝብ ግን ይጮኻል፣ ያጨበጭባል። ልብሽ ቢመታ ከጉዳት አትቁጠሪው።

ትዕግሥት አሰፋን አስቢ። ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ800 ሜትር የሮጠች ልጅ ናት። ጉዳት ከመም (ከስታዲየም ሩጫ) አርቋት ዓመታት አለፉ፤ ከውድድር ስትጠፋ ብዙ ሰው ረስቷት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አንቺ በምትመኚው በዚያው ጎዳና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ አሸነፈች፤ በዓመቱ ተመልሳ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ያረፈችባቸው ዓመታት አልጠፉባትም።

ዛሬ ማታ ስትደውዪ ረጅም ነገር አታውሪ። «አሰልጣኝ፣ ቀኝ ቅልጥሜን ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል፤ ነገ ልምምድ አልወጣም፣ ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ» በይው። ቢቆጣም እስኪጨርስ አድምጪው፤ አብዛኛው ቁጣ ከድንጋጤ የሚመጣ ነው። ከዚያ ለማናጀርሽ በጽሑፍ ላኪለት፣ ቀኑ የተጻፈበት ማስረጃ ይሆንሻል።

የቪዛ ቀጠሮሽን ግን አትሰርዢ። የሸንገን (ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፤ ውሳኔውም ብዙ ጊዜ እስከ 15 ቀን ይወስዳል። ቀጠሮውን ካስተላለፍሽው እግርሽ ደኅና ነው ቢባልም እንኳ ልትቀሪ ትችያለሽ። ፓስፖርትሽ ከአውሮፓ ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆኑንና ሁለት ባዶ ገጽ እንዳለው ዛሬውኑ እዪ። የግብዣ ደብዳቤውን፣ የኢንሹራንሱንና የሆቴሉን ወረቀት ከማናጀርሽ ተቀብለሽ በሰዓቱ ተገኚ። የምስሉ ውጤት ሲወጣ ጻፊልኝ፤ እኔም ከአሰልጣኝሽ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ ነኝ።